ትልም በቡና ገለባ ላይ

ባለቤቴን ፊቱን ከማየቴ በፊት ዱካውን ነው ያየሁት።

ያኔ ቡና ለቃሚ ነበርኩ። ከማጂ ወደ ሚዛን ተፈሪ ወርጄ፣ ወደ ተፒ በሚያስኬደው መንገድ ዳር ካለ አንድ የቡና መጋዘን ተቀጥሬ ነበር። ሥራችን ጥቁሩን፣ የተነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው መለየት ነው። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሰፊ የሲሚንቶ አውድማ አለ። ቡናው እዚያ ላይ ይሰጣል፤ ሰማዩ ይታመናል ተብሎ በሚታሰብባቸው ጥቂት ሳምንታት ደግሞ ሌሊቱንም እንደተሰጣ ያድራል። ጠዋት ስንገባ በቡናው መሐል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ መስመር እናገኛለን። በስተቀኝ ሙሉ የእግር ዱካ እየተራራቀ ይታያል። በስተግራ ግን ዱካ የለም፤ አንድ ረጅም ትልም ብቻ።

«ዛሬም እባቡ አልፏል» ይላል ካቦው።

«ኧረ ሃምሳ አለቃው ነው» ትላለች አጠገቤ የምትለቅመው ሴት። «አንዱን እግሩን ሰሜን ረስቶት ነው የመጣው።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ሃምሳ አለቃ የሚሉት የመጋዘኑ ዘበኛ ከበሩ አጠገብ ካፖርቱን እያጠፈ ይሰማል። ካቦው አንድ ቀን ፍሬ ፈነከትክብኝ ብሎ በሰው ፊት ከተቆጣው በኋላ አውድማውን ማቋረጥ ተወ። በዳር በዳር መዞር ጀመረ። እኔም መስመሩን ሳጣው ነው ቀና ብዬ ሰውየውን ያየሁት።

ተረኝነቱን ሲጨርስ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ ቡና ያልተሰጣበት ጥግ ፈልጎ ጫማውን ያወልቅና አየሩን በእጁና በእግሩ ይመታል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ጸሎት የሚያደርስ ሰው ይመስላል። ለቃሚዎቹ ደግሞ ዝም ብለው የሚያልፉት ነገር የለም።

«ሃምሳ አለቃ፣ አየሩ ምን በደለህ?»

«ገና አልነገረኝም» ይላል፤ ይቀጥላል።

ታሪኩን በአንድ ጊዜ ነግሮኝ አያውቅም። ከብዙ ዓመት ቁርጥራጭ ወሬ ሰብስቤ ነው እዚህ የማስቀምጠው፤ ያልነገረኝን አልጨምርም። የተወለደው ሸኮ ነው። ወደ ውትድርና የገባው ጺም ሳያወጣ ነው። በማሠልጠኛው ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ አንድ መቶ አለቃ ነበረ፤ ጥቂት ወጣቶች መርጦ ከቁርስ በፊት በእጅና በእግር መዋጋት ያስተምራቸው ነበር። ቴኳንዶ እንደሚባል የነገራቸው ከቆየ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት መቶ አለቃው፣ «ይህን የጀመረ ሰው ማስተር እስኪባል አያቆምም» አላቸው። ሌሎቹ ምክር መሰላቸው። ባለቤቴ ግን ትእዛዝ ነው ብሎ ያዘው።

«እስካሁንም የሻረው የለም» ይለኝ ነበር።

መቶ አለቃው ሰሜን ቀረ። ባለቤቴ የሞርታር ፍንጣሪ ግራ ባቱን ቀዶት ተረፈ። ቁስሉ ዳነ፤ የእግሩ ጣቶች ግን ወደ ላይ መታዘዝ ተዉ። እግሩን ወደ ፊት ሲወስደው ጫፉ መሬቱን እየላሰ ይሄዳል። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነና ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና አገሩ ገባ። በዚያ እግር ነው ዘበኛ የሆነው፣ በዚያ እግር ነው ትእዛዙን የቀጠለው። ስለ ቁስሉ በከተማው ለማንም አይናገርም። ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ ውኃ ሲሻገር እንኳ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ ነው። ቀን እለቅማለሁ፤ ሲመሽ የማታ ተማሪ ነኝ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። እንግሊዝኛ መማር በጀመርኩበት ዓመት ዘበኛው አንድ ጠዋት በበሩ ሳልፍ አስቆመኝ።

«እኅቴ፣ ይህን ታነቢዋለሽ?»

ከጅማ በፎቶኮፒ አስባዝቶ ያመጣው የቴኳንዶ መጽሐፍ ነበር፤ ጠርዙ በላስቲክ የተጠቀለለ። አላነበብኩትም፤ ማንበብ አልችልም ነበርና። ግን መዝገበ ቃላት ነበረኝ። በአንድ ገጽ ላይ ሳምንት እንቆይ ነበር። ቃሉ ሁለት ፍቺ ካለው ሁለቱንም እነግረዋለሁ፤ እሱ ተነሥቶ በሰውነቱ ይሞክራቸውና «ሁለተኛው ነው» ይለኛል። እንዲህ ነው የተዋወቅነው። «መምህርት» እያለ ይቀልድብኝ ጀመር፤ ከተጋባን በኋላም ስሜ ይኸው ሆኖ ቀረ።

መጽሐፉ በፎቶ የተሞላ ነው። በአንዱ ፎቶ ሰውየው ግራ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ግራ እግሩ ከፊት ነው። ከሥሩ «ወደ ፊት ተራመድ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። የጻፈው ሰው ሌላ ማለት አላስፈለገውም፤ መራመድ ሁሉም ያውቃል ብሎ ነው።

ዓመቱን እየጠበቀ፣ በቡና መኪና ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጅማ እየሄደ ተፈተነ። ቀበቶው ቀለሙን እየለወጠ ጥቁር ደረሰ። ፈታኞቹ እግሩን ያዩ ነበር፤ ለእነርሱ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እነርሱም የቆሰለ ወታደር ነው ብለው ያልፉታል። ከጥቁሩ በኋላ አዲስ አበባ መመላለስ መጣ። ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር በፈተናዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ እኔም በዚያው ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ከለቀማው ወጣሁና በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆንኩ።

ተማሪዎች መምጣት የጀመሩት በዚያን ጊዜ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት፣ ቡናው ካለቀ አውድማው ለምን ሥራ ይፈታል ብለው ፈቀዱለት። የመጀመሪያዋ ተማሪው ከጅማ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ልጅ ነበረች። አባቷ፣ «ሴት ልጅ መራገጥ ተምራ ማንን ልትረግጥ ነው?» ብለው ሊከለክሏት መጥተው ነበር። ሃምሳ አለቃ ወንበር አውጥቶ፣ «ይቀመጡና ይዩ፤ ካልወደዱት ይዘዋት ይሂዱ» አላቸው። ተቀመጡ። በማግሥቱ ወንድሟንም ይዘው መጡ።

እሷ ጥቁር ቀበቶ አሠረች፣ ተፒ ተዳረች፣ እዚያ የራሷን ማሠልጠኛ ከፈተች። ሌላው ማሻ ሄደ፤ ሌላው እዚያው ሸኮ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምራል። ቤታችን ከአውድማው አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ መጽሐፌን ይዤ በረንዳው ላይ ስቀመጥ ድምፃቸውን እሰማለሁ። በኮሪያኛ ይቆጥራል፤ «ሃና!» ብሎ አንድ ሲል የሁሉም እግር ሽር ይልና የሁሉም ጩኸት ይከተላል። ሽር፣ ከዚያ ጩኸት። ያ ሽርታ የቴኳንዶ ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ አገር ቴኳንዶ ሰምቼ አላውቅም። ውድድር የሄዱትም ስም ይዘው መጡ። የሌላ ከተማ ልጆች «የሚዛን እግር» ይሏቸዋል አሉ፤ ከመምታታቸው በፊት ግራ እግራቸውን ይጎትታሉና ምቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ልጆቹ በስሙ ኮሩበት። አንዱ በቲሸርት ላይ አሳተመው።

እሱን ግን «ማስተር» ብለው ሲጠሩት አይወድም ነበር።

«ማስተር፣ ልጀምር?»

«ሃምሳ አለቃ በለኝ። ማስተር ገና አልሆንኩም።»

ይህን ለስንት ሰው ስንት ጊዜ እንዳለው አላውቅም። በየዓመቱ በአዲስ ተማሪ አፍ ይመጣል፤ በየዓመቱ እንዲሁ ይመልሳል።

የማስተርነቱ ፈተና ሲደርስ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ዳሌውም ማመም ጀምሯል። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «አባባ፣ ግራው ሲጎድል ቀኙ የሁለት ሰው ሥራ ሠርቷል። አሁን አልቋል። ከዚህ በኋላ ቢዘሉ ትንሽ ጊዜ ነው» አለው። ፈተናው ዝላይ አለበት። የሚቀጥለው ፈተና ደግሞ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ወይ አሁን ነው ወይ ምናልባት ጭራሽ አይሆንም።

ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ መጡ፤ ሚዛን አዳራሽ ተከራይተን ተቀበልናቸው። ለዚህ ማዕረግ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ያስተማራቸውም ይታያሉ። ባለቤቴ የራሱን ክፍል ጠዋት ሠራ። ዝላዩንም ዘለለ፤ ሲያርፍ የፊቱ ቆዳ ሲሰበሰብ ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከሰዓት በኋላ ከሚዛን፣ ከሸኮ፣ ከተፒና ከማሻ የመጡት ተማሪዎች ነጭ ለብሰው ተሰለፉ። የተማሪዎቹ ተማሪዎችም አሉ። «ሃና!» ተባለ፤ አዳራሹ በሙሉ ሽር አለ።

ዋናው ፈታኝ ጭምት ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙ። እንደገና አስጀመሩ። እንደገና አስቆሙ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የእርስዎን እግር እናውቃለን። ስለ እርስዎ አይደለም የምጠይቀው። እነዚህ ልጆች የት ነው የቆሰሉት?»

አላሾፉም። ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁት።

ባለቤቴ ወደ ተማሪዎቹ እግር አየ። ፊቱ ላይ የሆነውን ልጽፈው ሞክሬ ሰርዤዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስተምር ያየው እጃቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ዓይናቸውን ነው። እግራቸው እንደ እሱ ሲሄድ ትክክል መስሎት ነበር። የእሱን እግር የማያውቅ ሰው ነበር ማየት የነበረበት፤ እዚህ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

ፈታኙ ወደ ጎን ወስደው አነጋገሩት፤ እኔ ውኃ ላቀርብ ተጠግቼ ስለነበር ሰማሁ።

«የእርስዎ ሥራ አልፏል። ማዕረጉ ይገባዎታል፤ እንጽፋለን። ልጆቹን ቀስ እያሉ ያስተካክሏቸዋል።»

«አይጻፍ፣ ጌታዬ።»

«ዳሌዎ እንዴት እንደሆነ እያየሁ ነው እኮ። ሌላ ጊዜ...»

«ገብቶኛል። ግን እኔ ያስተማርኳቸው ቁስሌን ነው። እሱን ሳልሰበስብ ማስተር ተባልኩ ብል ምን ይሉኛል? መጀመሪያ ልሰብስብ፤ ያን ጊዜ ካለሁ ይምጡና ይዩኝ።»

ፈታኙ እንደ ወታደር ራሳቸውን ነቀነቁና ወረቀታቸውን አጠፉ።

ማታ ያንን አሮጌ መጽሐፍ ከመደርደሪያዬ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለው ነጭ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«መምህርት፣ እዚህ ጋ ምን አለ?»

«ምንም። ባዶ ወረቀት ነው።»

«እኔ ነኝ ያለሁት» አለ። «ልጆቹ እዚህ ጋ እኔን ነው ያነበቡት።»

ያቆመ የመሰለኝ ጊዜ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ነጩን ልብስ አልነካውም። ተማሪዎቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ «እትዬ፣ ጋሼ አልዳነም?» ይሉኛል፤ አሞታል ብዬ አልዋሽም፤ «ያስባል» እላቸዋለሁ። ችግሩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እግር ማንሣትን ማስተማር አለበት፤ አንሥቶ ማሳየት ግን አይችልም። እንደ ሁልጊዜው «እኔን እዩ» ቢል ይኸው ያንኑ ይማራሉ።

አንድ ጠዋት ካፖርቱን ደርቦ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ለመፈልፈያው ክፍል ሠራተኞች ሻይ ጋብዞ ጆንያ ጆንያ የቡና ገለባ አሸክሞ መጣ። ልጆቹን ጠራ። ገለባውን በአውድማው ላይ ልክ ቡና እንደሚሰጣ ስስ አድርገው እንዲበትኑት አዘዘ። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ መጽሐፌን አጠፍኩ።

«አሁን አንድ በአንድ ተራመዱ። አትምቱ፤ ተራመዱ ብቻ።»

ሄዱ። ዞረው ሲያዩ በየአንዳንዳቸው በስተግራ ትልም አለ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ መስመር፤ አውድማው ታርሶ የተተወ ማሳ መሰለ። ያን ጊዜ ገለባውን አስተካከለና ራሱ ተራመደበት። የእሱ ትልም ከሁሉም ጥልቅ ነው።

«ይህ የኔ ነው» አለ። «የናንተ አይደለም። ይህን መስመር ሳትሠሩ የምትሻገሩበትን ቀን እጠብቃለሁ።»

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባቸውም። አጎንብሶ የሱሪውን ጫፍ ያዘ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ እስከ ጉልበቱ ሰበሰበው። እኔ በዓመታት የለመድኩትን ባት ከተማው ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ ሥጋው ጎድሎ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ። ከኋላ የቆመ አንድ ረጅም ባጃጅ ነጂ፣ ከነባሮቹ ተማሪዎች አንዱ፣ የራሱን ግራ ጫማ ከአጥሩ ሥር አንሥቶ አየው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የዚህን ጫፍ ስንቴ አሰፋሁ። ስልት መስሎኝ።»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። እሱም ሳቀ። ከፈተናው ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እንዲህ ተጀመረ። ገለባው ሲደቅቅና ሲረጥብ ይለወጣል፤ ዝናብ ሲሆን በመጋዘኑ በረንዳ ላይ ይበተናል። ሰውነት የያዘውን ቶሎ አይለቅም። ቀስ ብለው ሲራመዱ መስመሩ ይጠፋል፤ ምት ሲጨመርበት ተመልሶ ይመጣል። ጀማሪዎቹ በቀላሉ አስተካከሉት፤ የጎዳቸው ነባሮቹን ነው። አንዱ አኩርፎ ቀረ። «ስማችንን ነው ያጠፋው» ብሎ በከተማው አወራ። ባለቤቴ ሰምቶ፣ «እውነቱን ነው» አለ።

ተፒ የሄድነው አብረን ነው፤ እሱ ብቻውን አባዱላ ሚኒባስ ላይ መውጣት ተቸግሮ ነበር። ሸኮን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየተቀበለን፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይዞ ነበር። የመጀመሪያዋ ተማሪው ሻሿን አጥብቃ አሥራ ተማሪዎቿን አሰልፋ ጠበቀችው። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«ጋሼ፣ በዚህ እግር እኮ ነው ያሸነፍነው» አለችው ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«ብታነሡትም ታሸንፉ ነበር።»

«ተፒ በሙሉ እንደዚህ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ ሁለት ልጆቼን አስተምሬያለሁ። ከየት ልጀምር?»

«ከኔ ጀምሪ» አላትና ሱሪውን ሰበሰበ።

ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማራትን እግር ያን ቀን አየችው። የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ ወደ ተማሪዎቿ ዞራ ድምፅዋን አጽንታ፣ «ገለባ አምጡ» አለች። ማሻ ለመሄድ ዳሌው አልፈቀደለትም፤ የማሻውን ልጅ እሷ ሄዳ አስተማረችው።

ፈታኞቹ ተመልሰው ሲመጡ ከዘራውን በር ላይ አቁሞ ነው የገባው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የእሱ ተራ ነበር። ዝላዩ ላይ ሲደርስ አልዘለለም፤ ዝላዩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተራምዶ ቆመና እጁን ብቻ ሠራ። ሽማግሌው ጻፉ። ተማሪዎቹ ሲሰለፉ እሱም ከፊታቸው ቆመ፤ አብሯቸው ይሠራ ዘንድ ጠይቆ ተፈቅዶለት ነበር። «ሃና!» አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የእነርሱ እግር አልተሰማም፤ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ብቻ አንድ ላይ ዱብ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ እግር ብቻ ሽር አለች። ዓይኔን ስገልጥ ሽማግሌው ፈታኝ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ወደ ወለሉ እያዩ ነበር።

ለዝላዩ ነጥብ አልሰጡትም፤ ሌላው አሳለፈው። የማስተርነቱ ወረቀት ከወራት በኋላ መጣ። ግድግዳ ላይ ልስቀለው ስል፣ «መጽሐፉ ውስጥ አድርጊው» አለኝ። በፎቶኮፒው ውስጥ፣ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ነው ያለው።

አሁን ከወንበር ሆኖ ያስተምራል። ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተማሪ መጣች፤ ከሚዛን ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው፤ አማርኛዋ ገና ነው። ገለባው ላይ ቆማ ወደ እሱ ዞረች።

«ማስተር፣ ልጀምር?»

እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ የለመድኩትን መልስ ጠበቅሁ። እሱ ወደ እግሯ ነበር የሚያየው።

«ግራሽን አንሺ» አላት።